የባለእጁ ልጅ ፈረስ

ቂርያት ማላኺ የገባሁት ለሰርግ ነበር፤ የወጣሁት ግን በፈረስ ነው። ፈረሱ አራት ጎማ አለው። ከኮፈኑ ሥር ስምንት ሲሊንደር ያጓራል፤ ከፊት ፍርግርጉ ላይ ደግሞ ጅራቱን ነስንሶ የሚጋልብ፣ ጣት የምታህል የፈረስ ምስል ተለጥፏል። ፎርድ ሙስታንግ ማክ 1 ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1973 ምርት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ከቂርያት ማላኺ በገዴራ በኩል እስከ ያቭኔ ወሰደኝ። ወርጃለሁ ልበል እንጂ እስከ ዛሬም ከላዩ አልወረድኩም።

የወዳጄ ሰርግ ሐሙስ ማታ ነበር። ዓርብ ማለዳ ቤተ ዘመዱ እንደተኛ ቡና ፍለጋ ወጣሁ። ቂርያት ማላኺ ትንሽ የእስራኤል ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1951 ለአዲስ ገቢዎች በተተከለ የድንኳንና የቆርቆሮ መጠለያ ነው የተጀመረችው። ለግንባታዋ ገንዘብ ያዋጡት የሎስ አንጀለስ አይሁድ ስለነበሩ ስሟ ከዚያ ተቀዳ፤ ሎስ አንጀለስ በስፓኝ ቋንቋ «መላእክት» ማለት ነው፣ ቂርያት ማላኺም የመላእክት ከተማ። ለአማርኛ ጆሮ ትርጉም የሚያሻት ስም አይደለችም። ሱቆቿ ውስጥ ጤፍና በርበሬ ይሸጣል። ነጭ ኩታ የደረቡ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው በጎንደር አማርኛ ሲጫወቱ ሰምቼ ለአፍታ ያለሁበት ጠፋኝ። መላእክቱ ግን ሁልጊዜ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 አንዳንድ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተሰምቶ፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ኢትዮጵያውያኑ አይሁድ፣ ከዚሁ ከተማ ጀምረው እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ሰልፍ ወጥተዋል።

ቡናዬን ሳልጨርስ ከጋራዦቹ በኩል ድምፅ መጣ። የዘመኑ መኪና ድምፅ አይደለም፤ የዘመኑ መኪና ያፏጫል። ይሄ ነጋሪት ነው፤ ድም፣ ድድም፣ ድም፤ ምቱ እኩል ያልሆነ፣ ተራውን ግን የማይስት። ተከትዬው ሄድኩ። በአንድ ግቢ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሆነው የቆሙ ቀያይ መብራቶች። እግሬ እዚያው ተተከለ።

ልደታ ሰፈር ሳድግ ከጎረቤታችን ግቢ ውስጥ በአረንጓዴ ሸራ የተሸፈነ መኪና ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የአሜሪካ መኪና መለዋወጫ ደግሞ በኩፖንም የለም። ባለቤቱን «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው። እሑድ እሑድ ሸራውን ገልጠው በጨርቅ ይወለውሉታል፤ ከዚያ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ጠርዙን ዙሪያውን ሸጎጥ ሸጎጥ አድርገው መልሰው ያለብሱታል። እኛ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ የሚታየን የኋላው ብቻ ነበር፤ ሦስት ሦስት ቀይ መብራት። ሞተሩ ሲነሳ አንድም ቀን አልሰማሁም። ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸራውም መኪናውም የሉም፤ ጎማዎቹ የቆሙበት ሳር ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ስሙ ሙስታንግ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ከመጽሔት ላይ ነው። ድምፁን ሳልሰማ የወደድኩት ነገር ቢኖር እሱ ነበር። አሁን ከሰላሳ ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር፣ ድምፁን ሰጠኝ።

«ከአገር ቤት ነህ አይደል?» አለኝ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ገና አፌን ሳልከፍት። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናል።

«በምን አወቅህ?»

«በአቋቋምህ ነዋ። እዚህ ሰው እንዲህ ቆሞ አያይም፤ ይቸኩላል። ግባ ወንድሜ።»

ገባሁ። «ፓራፋንጎው አዲስ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ግራ ተጋባ። በእጄ ነካ አድርጌ አሳየሁት። «እህ፣ ካናፍ!» አለ። በዕብራይስጥ የጎማውን ሽፋን ክንፍ ነው የሚሉት። እኔ ከጣሊያን በወረስነው የጋራዥ ቋንቋ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ ስል፣ እሱ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ሲመልስልኝ፣ አንዱን መኪና በሁለት መዝገበ ቃላት ፈታነው። በመላእክት ከተማ መኪናም ክንፍ ቢያወጣ ምን ይገርማል!

መኪናው ከአሜሪካ በኮንቴይነር ተጭኖ በአሽዶድ ወደብ ሲገባ «ሬሳ ነበር» አለኝ። ለማንሳት ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ቀን የሰው መኪና እየጠገነ፣ ማታ የራሱን። ዝገት የበላውን ወለል ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው። ቀለሙን እስከ እርቃን ብረቱ ገፈፈ። የቀኝ ክንፉ ተጨረማምቶ ነበር። አዲስ ማዘዝ ይቻላል፤ የሙስታንግ አካል ዛሬም እንደ አዲስ ይመረታል። እሱ ግን አላዘዘም። ከውስጥ በኩል ድጋፍ ብረት እየያዘ፣ ከውጭ በትንሽ መዶሻ አንድ ክረምት ሙሉ ቀጠቀጠው። ብዙ ሰው ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ቀለም ይቀባበታል። «ስቱኮ» የሚለውን ቃል ከእኔ ሰምቶ ወደደው።

«ስቱኮ ይዋሻል» አለ ወዲያው። «ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ብረት የሚድነው በብረት ነው።»

መዳፌን በክንፉ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አሳለፍኩት። የተጎዳው የት ጋ እንደነበር ዓይኔም አላየው፣ እጄም አላገኘው።

የድምፁን ነገር ጠየቅኩት። ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ረድፎቹ እንደተከፈተ መጽሐፍ ግራና ቀኝ ዘንበል ብለዋል። ስምንቱ በአንድነት ሲቆጠሩ እኩል ጊዜ ጠብቀው ነው የሚፈነዱት። የአንዱን ረድፍ አራቱን ብቻ ነጥለህ ብትሰማ ግን ተራቸው አይተካከልም፤ አንዴ ሁለቱ ይከታተላሉ፣ አንዴ ክፍተት ይሆናል። የየረድፉ ጭስ በየራሱ ቧንቧ ሲወጣ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ያ የተሰበረ ምት ነው። የሞተሩ መጠን 351 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 5.8 ሊትር ይጠጋል። የወዳጄ የቤት መኪና ሞተር አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

አሜሪካኖች እነዚህን መኪኖች «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለጡንቻ መኪና እንበላቸው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ መካከለኛ ቁመና ያለው የቤተሰብ መኪና ወስዶ የትልቁን መኪና ሞተር መትከል። እ.ኤ.አ. በ1964 የጄነራል ሞተርስ ደንብ መካከለኛ መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገባበት ይከለክል ነበር። ጆን ዴሎሪያን የነበረበት የኩባንያው የፖንቲያክ ክፍል መሐንዲሶች ቡድን ግን ባለ 389ኙን ሞተር «ደንበኛ ከፈለገ የሚጨመር ዕቃ» ብሎ በደንቡ ሥር አሾለከው፤ ጂቲኦ የተባለው መኪና ተወለደ። በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 17፣ ፎርድ በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ሙስታንግን ገለጠ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ትእዛዝ ገባ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ተሠራ። ከሥሩ ያለችው ፋልከን የምትባለው ጭምት የፎርድ መኪና ናት። ሸማቾቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ፤ የአባታቸውን መኪና የማይፈልጉ።

«አዋቂዎቹ የሚመርጡት የ60ዎቹን ነው» አልኩት። «ይሄኛው ወፍሯል ይላሉ። አንተ ለምን 73ን መረጥህ?»

«የመጨረሻው ስለሆነ» አለ። በ1974 ሙስታንግ ተሸብሽቦ ትንሽ መኪና ሆነ፤ የዚያን ዓመት ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ጭራሽ አልተገጠመለትም። «የመጨረሻውን የሚያተርፍ ሰው ያስፈልጋል» ብሎ ቁልፉን አነሳ። «አባቴን ከገዴራ አንሥተን ያቭኔ እንሄዳለን። ጓደኞቼ ዛሬ እዚያ ናቸው።»

በእስራኤል ሕግ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ልዩ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ዓመታዊ ክፍያው ይቀልለታል፤ በምትኩ በሥራ ቀን፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት የጠዋት ሰዓት መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለከላል። ጡረታ የወጣ ሹም ማለት ነው፤ ክብር አለው፣ ሥራ የለውም።

በ40ኛው መንገድ ወደ ሰሜን ወጣን። በመስኮቱ የእርሻ ማሳ ያልፋል፤ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ መደዳ፣ ልክ እንጦጦ ሥር ያለሁ ይመስል። በስተ ምዕራብ የሐጾር አየር ኃይል ጣቢያ አለ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮፈኑ ከፊታችን እንደ ጠፍጣፋ ሜዳ ተዘርግቶ መንገዱን ግማሽ ይሸፍነዋል። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው አፍንጫው ቀና አለ፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፤ ሁለታችንም ያለ ምክንያት ሳቅን። «በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደልኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» አለኝ። ሊትሩ ያኔ ወደ ሰባት ሸቀል ነበር። ስሌቱን ሳልጨርስ ተውኩት፤ ፈረስም ቢሆን ገብስ ይበላል።

ገዴራ እ.ኤ.አ. በ1884 ቢሉ የሚባለው ማኅበር ወጣቶች ከሩሲያ ግዛት መጥተው የቆረቆሯት ናት። የድሮዎቹን ቤቶች አልፈን ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደሚኖሩባቸው የጋራ ሕንፃዎች ገባን። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ነጭ ኩታ፣ ጭራ፣ ከዘራ። ከሕንፃው ሥር ባለች ቁራሽ መሬት ጎመንና ጤና አዳም ተክለዋል።

«አባ፣ ተነሡ እንጂ፣ እንሂድ» አላቸው ልጃቸው።

«ቡና ሳይጠጣ እንግዳ አይሄድም» አሉ። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

ቡናው ሲወርድ ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸው። በጎንደር አማርኛ ብረት ሠሪው «ባለእጅ» ነው። ቃሉ ሙገሳ ይመስላል፤ ስድብ ሆኖ ነው የኖረው። ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፤ አዋጁ ግን ሁሉም ቤት አልገባም።

«አባቴ ይቀጠቅጣል፣ እኔ ወናፍ እነፋለሁ» አሉኝ። «ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ልጓም፣ እርካብ። ባላገሩ ቀን ማረሻውን ከእጃችን ይወስዳል። ማታ ሲሆን ጅብ ሆነው ይወጣሉ፣ ቡዳ ናቸው ይለናል። ያረሰበትን ብረት የሠራ እጅ እህሉን ሲነካበት ይፈራል። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። እጃቸውን አየሁ፤ አውራ ጣታቸው ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። ልጃቸውም እዚያው ቦታ ላይ አዲስ አለው።

ወደ ያቭኔ ስንነሳ ሽማግሌው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። የሙስታንግ የኋላ ወንበር ለሰው የተሠራ አይመስልም፤ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ፣ በጠባቧ መስኮት እያየሁ፣ 1973ን አሰብኩ። በዚያ ዓመት የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በእስራኤልና በዓረብ ጎረቤቶቿ መካከል ጦርነት ተነሳ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን በደገፈችው አሜሪካ ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ አሥራ ሁለት ተጠጋ። ባለጡንቻዎቹን የኢንሹራንስ ዋጋና የጭስ ሕግ ቀድሞም አዳክመዋቸው ነበር፤ ነዳጁ ጨረሳቸው። አሜሪካም ፍጥነቷን በሰዓት 55 ማይል ላይ አሰረች።

ኢትዮጵያ በዚያው ጥቅምት ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። የነዳጁ ንረት አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎች አድማ መቱ፤ መምህራኑም አብረው ቆሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ፤ ከእኔ መቀመጫ በማይሻል የኋላ ወንበር። ከዚያ የሆነውን እናውቀዋለን። እኚህ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ከጎንደር ሱዳን በእግራቸው ሄዱ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰው ወደ እስራኤል ተጓጓዘ፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ ደግሞ በመንገድና በመጠለያ ቀርተዋል። ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው አልልም፤ ታሪክ ብዙ ክር አለው። ግን አንድ ዓመት መኪናውን ከመንገድ እንዳስወጣው፣ ሽማግሌውን ደግሞ መንገድ እንዳስገባቸው ከኋላ ሆኜ በአንድ እይታ ይታየኝ ነበር።

ያቭኔ ጥንታዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ካፈረሱ በኋላ ራቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ ትምህርቱን ይዞ የተጠለለው እዚህ ነው፤ ከፍርስራሹ የተረፈው እምነት በቃልና በክርክር የታደሰው በዚህች ከተማ ነው። የቤተ እስራኤል ሃይማኖት ግን በያቭኔ አላለፈም። ቄሶቻቸው ኦሪቱን በግዕዝ ይዘው፣ የራቢዎቹን ክርክር የያዘውን ታልሙድ ሳያውቁ፣ በራሳቸው መንገድ እዚህ ደረሱ።

የጓደኞቹ መኪኖች በአንድ ሰፊ ማቆሚያ ላይ ተሰልፈዋል። የ1969 ዶጅ ቻርጀር፣ ጥቁር፣ መብራቶቹን ከፍርግርጉ ጀርባ የደበቀ። የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል፣ በፋብሪካው ወረቀት 450 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት ባለ 454። አንድ ፕሊመዝ ሮድ ራነር ጡሩምባውን ሲነፋ ልጆች ሁሉ ሳቁ፤ የካርቱኗን ወፍ ድምፅና ስም ለመጠቀም ኩባንያው ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፍሎ ነበር። ከዳር ደግሞ ሱሲታ ቆማለች፤ እዚሁ እስራኤል፣ ሃይፋ አካባቢ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ ግመል ይበላታል እየተባለ የሚቀለድባት። ከባለጡንቻዎቹ ይልቅ ብዙ ሽማግሌ የከበበው እሷን ነበር፤ ሰው የሚያፈቅረው የወጣትነቱን መኪና ነው፣ ጡንቻ ይኑረው አይኑረው።

ሽማግሌው አንዱን ከአንዱ እያዩ በጭራቸው እየጠቆሙ ዞሩ። ስቲቭ ማክዊን በ1968 «ቡሊት» ፊልም ላይ የነዳው አረንጓዴ ሙስታንግ በጥር 2020 በ3.74 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ልጃቸው ነገራቸው። ያ መኪና ሳይታደስ፣ ከእነቁስሉ ነው የተሸጠው።

«ዝገቱን ጭምር ገዙት?» አሉ።

«ዝገቱን ጭምር፣ አባ። ታዋቂ ሰው የነዳው ዝገት ይሸጣል። የእኛን ዝገት ግን ማንም አይገዛም፤ ራሳችን ነን የምንጠርገው።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ወደ ልጃቸው መኪና ተመልሰው ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡና በቀኙ ክንፍ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት፤ ልክ እኔ እንደዳሰስኩት፣ ግን ቀስ ብለው። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። እኔ ያላገኘሁትን አገኙት።

«እዚህ ጋ ነው የቀጠቀጥከው።»

«እንዴት አወቁ?» አለ ልጁ ደንግጦ።

«ብረቱ ሞቆ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ፈረስ ስሙ ማን ነው?»

«ሙስታንግ» አልኩ።

«እሱ የዘሩ ስም ነው። የፈረስ ስሙን ነው የምልህ።»

ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ በአገራችን ጌታው ይጠራ የነበረው በፈረሱ ስም ነው። ባለእጁ ልጓሙን ይሠራል፣ እርካቡን ይሠራል፤ የፈረስ ስም ግን አይደርሰውም ነበር። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው መልስ ያጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ገዴራ ተመለስን። ፀሐይ ወደ ባሕሩ እያዘቀዘቀች ነው፤ የሰንበት ዳቦ ሽታ ከየመስኮቱ ይወጣል። ልጁ ሞተሩን አጠፋ፤ ነጋሪቱ ዝም ሲል ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ሽማግሌው ወርደው ጥቂት ተራመዱ። ልጃቸው አሁንም መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ ተጣሩ።

«አባ መልስ! ና ግባ እንጂ፤ ሰንበት ሊገባ ነው።»